የእትዬ አልጋ

ዛሬ ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ልጆች ሰፈራችን ገብተው ነበር። በትንሽ ወጪ የሚሠራ፣ መብራት የማይበላ ቤት ከነዋሪው ጋር ተመካክረው ሊነድፉ ነው። ጎረቤቴ እትዬ ቤት ፕላኑን ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው አዩና "ይሄ ትልቁ መስኮት ወዴት ነው የሚያየው?" አሉ።

"ወደ ምዕራብ ነው፣ ማዘር።"

"እንግዲያ ልትቀቅሉኝ ነዋ!"

ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም፣ ወለሉን አሳዩን። ሲሚንቶው ላይ የአልጋ እግር የፋቀው ጎባጣ መስመር አለ። በበጋ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ስትገባ አልጋውን ወደ ጥግ ይጎትቱታል፣ ማታ ይመልሱታል፣ ስንት ዓመት ሙሉ። አንዱ ልጅ ተንበርክኮ መስመሩን በሜትር ለካና ዝም ብሎ ላጲስ አወጣ።

ለካስ አዳማ ላይ መስኮትን ወደ ሰሜንና ደቡብ ማዞር ብቻውን ሙቀት ይቀንሳል፤ ዝቅ ብላ ቤት ውስጥ የምትዘልቀው የጠዋትና የከሰዓት ፀሐይ ናት። እኔ ቤቴን ስሠራ ማንም አልነገረኝም (እኔም አልጠየቅኩም)። ኮረብታው ላይ ያሉት 102ቱ የ«አዳማ ሁለት» ነፋስ ኃይል ማመንጫ ተርባይኖች በነፋሳችን እስከ 153 ሜጋ ዋት ያመነጫሉ፣ የኔ ቬንትሌተር ግን ይሄው በካርድ እየዞረ ነው።