ሁለት ወንበር፣ አንድ ሰዓት

ማክሰኞ ማታ

በአገራችን ግቢዎች «ቱቶሪያል» ሲባል ትዝ የሚለን ማጠናከሪያ ነው። ፈተና ሲቃረብ አንድ ጎበዝ ተማሪ ሰሌዳ ላይ ጥያቄ ይሠራል፣ ሌላው ይገለብጣል። ማሳቹሴትስ ሰሜን ምዕራብ ጥግ ላይ፣ ተራራ በከበባት ዊሊያምስታውን ባለው ዊሊያምስ ኮሌጅ ግን ቃሉ ሌላ ነገር ነው። እዚያ ቱቶሪያል ማለት ተማሪ መደበቂያ የሚያጣበት ኮርስ ነው።

አሠራሩ ሲያወሩት ቀላል ነው። ኮርሱ ቢበዛ 10 ተማሪ ይይዛል። አሥሩ ሁለት ሁለት ሆነው ይጣመሩና እያንዳንዱ ጥንድ በሳምንት አንዴ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል፣ ከፕሮፌሰሩ ጋር ይቀመጣል። በዚህ ሳምንት አንዱ ከ5 እስከ 7 ገጽ ጽፎ ያቀርባል፤ ሌላው ያንን አንብቦ አጠር ያለ ትችት ይዞ ይመጣል። በሚቀጥለው ሳምንት ይቀያየራሉ። በሒሳብና በሳይንስ ቱቶሪያሎች ደግሞ ብዙ ጊዜ በፔፐር ፋንታ የተሠሩ ጥያቄዎች ይቀርባሉ። ሌክቸር የለም፣ ሃንድአውትም የለም። ስልቱ ከእንግሊዞቹ ኦክስፎርድና ኬምብሪጅ የተወሰደ ነው፤ ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1988 ጀመረው።

ኮሌጁ ራሱ በ1793 የተመሠረተ፣ ዛሬም 2,000 ገደማ ተማሪ ብቻ ያለው ነው። በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ጋርፊልድ እዚያ ነበር የተማረው። ለጥሩ ኮሌጅ አንድ ግንድ ይበቃል፣ በአንደኛው ጫፍ ማርክ ሆፕኪንስ በሌላው ጫፍ አንድ ተማሪ ከተቀመጡበት፣ ብሎ ነበር ይባላል። ሆፕኪንስ የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ቱቶሪያሉ እዚያ ግንድ ላይ ሌላ ተማሪ አስቀመጠ። ነገሩን ያከበደውም ይህ ሁለተኛው ተማሪ ይመስለኛል።

ብዙ ሰው የሚፈራው የመጻፊያውን ሳምንት ነው፤ የትችቱን ሳምንት እንደ ዕረፍት ይቆጥረዋል። ተገላቢጦሽ ነው። ጸሐፊው ርዕሱን ራሱ መርጧል፣ ያላወቀውን ትቶ ባወቀው በኩል ማለፍ ይችላል። ተቺው ግን ሌላ ሰው በመረጠው መንገድ ነው የሚሄደው፤ ፔፐሩ እጁ የሚገባውም ከስብሰባው በፊት ባለው ምሽት ሊሆን ይችላል። ለሳምንቱ የተሰጠውን መጽሐፍ ቀድሞ ያላነበበ ተቺ በዚያች ሌሊት ሊያድን የሚችለው ነገር የለም።

ቅኔ ቤት የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ እምብዛም አይደነቅም። የቅኔ ተማሪም ከጓደኞቹ ገለል ብሎ ይቆጥራል፣ የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል፣ የኔታም እዚያው ያርሙታል። ልዩነቱ አራሚው ማን ነው የሚለው ላይ ነው። የየኔታን እርማት አንገት ደፍቶ መቀበል ያለ ነው። እኩያን ግን፣ ያውም ማታ ካፌ አብሮ የሚበላን ልጅ፣ መምህር ባለበት «ይህ ሐሳብህ አያስኬድም» ማለት ይሉኝታ ይይዛል። ፕሮፌሰሩ ደግሞ ሆን ብለው ዝም ይላሉ። ከሐበሻ ቤት የወጣ ተማሪ ያንን ዝምታ ቁጣ አድርጎ ይተረጉመውና እሱም ዝም ይላል፤ አንድ ሰዓቱ በትሕትና ያልቃል።

ይሉኝታው የሚወልደው ትችት ይታወቃል፤ በምስጋና ይጀምራል፣ ሁለት የሰዋስው ስህተት ይለቅማል፣ «ትንሽ ቢብራራ» ብሎ ያበቃል። ለጸሐፊው የሚጠቅመው ነገር የለውም። የሚሠራው ትችት ከሌላ ቦታ ይነሳል። መጀመሪያ የጓደኛን ክርክር በሁለት ዓረፍተ ነገር፣ እሱ ራሱ ከጻፈው አሳምሮ መጻፍ። ይህ ካልተቻለ ወይ ፔፐሩ ክርክር የለውም፣ ወይ ተቺው አልገባውም፤ ሁለቱም ለውይይት ይበቃሉ። ቀጥሎ ክርክሩ የተንጠለጠለበትን አንድ ጥቅስ ፈልጎ ወደ መጽሐፉ መመለስና ከጥቅሱ በፊትና በኋላ ያሉትን ዓረፍተ ነገሮች ማንበብ። የተማሪ ፔፐር አብዛኛውን ጊዜ የሚፈርሰው እዚህ ነው፤ ደራሲው በሚቀጥለው መስመር «ነገር ግን» ብሎ ይገኛል። በመጨረሻ ተቺው ራሱ መልሱን የማያውቀውን አንድ ጥያቄ መያዝ። መልሱን እያወቁ መጠየቅ ፈተና ነው፣ ጓደኛን ያስቀይማል። ሳያውቁ መጠየቅ አያስቀይምም፤ ይሉኝታን ያለ ጠብ የማለፊያው መንገድም እሱ ነው።

የጸሐፊው ድክመት ደግሞ ሌላ ነው፤ መጽሐፉን ማሳጠር። ሰባት ገጽ ሙሉ «ደራሲው እንዲህ ይላል» ሲል የሚከርም ፔፐር ተቺውንም ሥራ ያስፈታዋል። መለኪያዬ ቀላል ነው፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ አንድ ጤነኛ ሰው «የለም፣ አልስማማም» ሊልበት የሚችል ዓረፍተ ነገር ከሌለ ገና አልተጻፈም።

የቀኑ አደላደል ብዙውን ይወስናል። ስብሰባው ሐሙስ ከሆነ ንባቡ እሑድ ማታ ማለቅ አለበት። ሰኞ ረቂቅ፤ ማክሰኞ እንደገና መጻፍ፣ ከላይ እስከ ታች፣ መለጣጠፍ ሳይሆን። ረቡዕ ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ፣ ከዚያ መላክ። ስድስት ገጽ ጽሑፍ ሲነበብ 12 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ትንፋሽ የሚያጥርበት ቦታ ሁሉ ዓረፍተ ነገሩ የተበላሸበት ቦታ ነው። በእንግሊዝኛ አነጋገሩ የሚሳቀቅ ተማሪም ያቺ የረቡዕ ንባብ ትረዳዋለች፤ ሐሙስ ቀስ ብሎ ማንበብ ይችላል፣ ማንም አያጣድፈውም። የሚያጣድፉት ሌሎቹ ኮርሶች ናቸው። በሴሚስተር አራት ኮርስ ይወሰዳል፣ ለመመረቅ 32 ያስፈልጋል፣ ጃንዋሪም የራሷ አንድ ኮርስ አላት። ሁለት ቱቶሪያል በአንድ ሴሚስተር የሚወስድ ሰው ካየሁ ዝም አልልም።

(ስብሰባቸው ዓርብ ለሆነ፦ በኦክቶበር ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓርቦች በአንዱ፣ ቀኑ ቀድሞ ሳይነገር፣ ጠዋት ደወል ይደወልና ትምህርት ተሰርዞ ግቢው ሁሉ ተራራ ይወጣል። ፔፐሩን በዚያ ተስፋ የሚያዘገይ አለ። ከሦስት አንድ ዕድል ነው፣ በዚያ ላይ ስብሰባው ወደ ሌላ ቀን ይዛወራል እንጂ አይቀርም።)

ምዝገባውም እንደ ሌላው ኮርስ አይደለም። ሌላውን በአድና ድሮፕ ሰሞን፣ ማለትም ኮርስ መጨመርና መጣል በሚፈቀድባቸው የመጀመሪያ ቀናት፣ ቀምሶ መተው ይቻላል። ቱቶሪያልን ግን ከመጀመሪያው ስብሰባ በፊት ያልወጣ በኋላ እንዲሁ አይወጣም፤ አንዱ ሲሄድ ሌላው ብቻውን ይቀራላ። ስለዚህ በዚያ ስብሰባ ሁለቱ ጓደኛሞች በቅድሚያ የሚነጋገሩት የመላኪያውን ሰዓት መሆን አለበት። ከምሽቱ 3 ሰዓት ከተባለ 3 ሰዓት ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የተላከ ፔፐር ተቺውን እንቅልፍም ንባብም ያሳጣዋል፣ ጠዋት የሚመጣውም ያ የምስጋናና የሰዋስው ትችት ነው።

ከስብሰባው ወጥቶ ወደ ዶርም ከመሄድ በፊት 15 ደቂቃ ቁጭ ብሎ፣ ያልተመለሰውን ጥያቄ በአንድ ገጽ መጻፍ ይበጃል። ማታ ላይ ግማሹ ይረሳል። ለቀጣዩ ፔፐር ርዕስ ፍለጋ ሁለት ቀን የሚያባክኑት ይህችን ገጽ የማይጽፉት ናቸው።