ቆቦ ላይ ለጋራዤ ኤሲ ስመርጥ፦ ከማሽኑ በፊት ጣሪያው

ትናንት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ የማድሳትን የቮልስ መኪናዬን የግራ በር ስቱኮ፣ ማለትም የላሜራ ጉድጓድ መሙያ፣ ቀባሁ። ውጭ 35 ዲግሪ ነበር። ጋራዡ ውስጥ 26። ስቱኮው ሳይቸኩል፣ ሳይሰነጠቅ ደረቀልኝ። በብርጭቆ ወረቀት ስፈገፍገው እንደ ዱቄት ረገፈ። ደስታዬን ለማን ልንገር ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። እዚህ ለመድረስ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ፈጅቶብኛል።

ደሴ ያላችሁ ነገሩ ላይገባችሁ ይችላል። እናንተ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆናችሁ ጋቢ ትደርባላችሁ። ቆቦ ከእናንተ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። በግንቦትና በሰኔ ቀትር ላይ ቆርቆሮ ሥር መቆም ከባድ ነው። ስቱኮ ደግሞ ሙቀት ሲበዛበት ማጠንከሪያው ቶሎ ይሠራል። አሥር ደቂቃ ይሰጠኛል ያልኩት በሦስት ደቂቃ እጄ ላይ ድንጋይ ይሆናል። ስንት ጣሳ ጥያለሁ መሰላችሁ።

ጋራዡ 6 በ4 ሜትር ነው። ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ሊሾ፣ በሩ ላሜራ፣ ጣሪያው የዛገ ቆርቆሮ ነው። ኮርኒስ አልነበረውም።

የመጀመሪያውን ሙከራዬን በአጭሩ ልንገራችሁ። በመጀመሪያ ውሃ የሚያተነውን ኩለር ተዋስኩ። በደረቅ ወቅት ጥሩ ያቀዘቅዛል፣ መብራትም ብዙ አይበላም። ግን አየሩ ላይ እርጥበት ይጨምራል። የፈገፈግኩት ባዶ ብረት በማግስቱ ጠዋት ቀይ ሆኖ ጠበቀኝ። ለባቲላሜራ፣ ማለትም ለመኪና አካል ጥገና፣ ፈጽሞ አይሆንም። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ሲገባና አየሩ ሲረጥብ ደግሞ ማቀዝቀዙም ይደክማል። መለስኩት።

ቀጥሎ ጎማ ያለውን፣ አንድ ቱቦ ብቻ ያለውን ተንቀሳቃሽ ኤሲ ገዛሁ። ይህን ስህተት እናንተ አትድገሙት። ማሽኑ የክፍሉን አየር ስቦ በቱቦው ወደ ውጭ ይተፋዋል። የወጣው አየር ቦታ ባዶ አይቀርም፤ በላሜራው በር ሥር የውጭው ሙቅ አየር ይገባል። በአንድ በኩል ያቀዘቀዘውን በሌላ በኩል ያጣዋል። ቱቦው ራሱም ይግላል። ከሁለት ወር በኋላ በኪሳራ ሸጥኩት። ለገዛኝ ሰው ግን ችግሩን አልደበቅኩትም። እሱ የፈለገው ለትንሽ መኝታ ክፍል ነበር።

ከዚያ ስፕሊት፣ አንዱ ክፍሉ ውስጥ ሌላው ክፍሉ ውጭ ግድግዳ ላይ የሚተከለውን ኤሲ፣ ልግዛ ብዬ ተነሳሁ። አንዱ ነጋዴ 18,000 ቢቲዩ በቂ ነው አለኝ። ሌላው ቆርቆሮ ከሆነ 24,000 ካልሆነ አትድከም አለኝ። 12,000 ቢቲዩ ማለት 3.5 ኪሎዋት ያህል የማቀዝቀዝ አቅም ነው፤ 24,000 እጥፉ ነው። ዋጋውም፣ የሚጠይቀው መስመርም አብሮ ያድጋል። ወረቀት ይዤ ስደምር ስቀንስ እናቴ ቡና እያፈላች አየችኝና "የአያትህ ሳር ቤት እኮ ያለ ማሽን ይቀዘቅዝ ነበር" አለችኝ።

ይህ ንግግሯ ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛኝም። እውነቷን ነው። ፀሐዩ ያው ፀሐይ ነው፤ የተለወጠው ጣሪያው ነው።

የርቀት ሙቀት መለኪያ ፈለግኩ። መጀመሪያ በኮሮና ጊዜ ግንባር ላይ ይለኩበት የነበረውን ሞከርኩ። እሱ ለሰውነት ሙቀት የተሠራ ስለሆነ ለቆርቆሮ አልሆነም። የኢንዱስትሪውን ከአንድ ኤሌክትሪሺያን ተዋስኩና ቀትር ላይ የጣሪያውን ሆድ ለካሁ። 61 ዲግሪ! የጋለ ምጣድ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ምጣዱን ሳይነካ ፊቱ ይቃጠላል። ጋራዤም እንደዚያ ነበር። ቆርቆሮው ከላይ ሆኖ መኪናውንም፣ ሊሾውንም፣ እኔንም በጨረር ይጠብሳል። ኤሲ በዋናነት የሚያቀዘቅዘው አየሩን ነው። 24,000 ብገዛም ራሴ ላይ ምጣድ ተጥዶ ይቀር ነበር።

እናም ገንዘቤን ወደ ጣሪያው አዞርኩ። መጀመሪያ ዝገቱን ፍቄ ቆርቆሮውን ከላይ ነጭ ቀባሁት። ሆዱ ወደ 47 ወረደ። ለአንድ ቀን ሥራ ይህ ትልቅ ውጤት ነው።

ቀጥሎ ያለው ነው ያሰቃየኝ። የሚያብረቀርቅ ፎይል የተለበጠበት ስስ ፎም ገዛሁና ከቆርቆሮው ጋር በማጣበቂያ አጣበቅኩት። ፎይሉን ወደ ቆርቆሮው፣ ፎሙን ወደ ታች አድርጌ። ለካሁ። ለውጡ 3 ዲግሪ ብቻ። ማጣበቂያው በሙቀት ለቀቀና ግማሹ በሳምንቱ ተንጠለጠለ። እንደገና ለጠፍኩት። እንደገና ወረደ። ሦስተኛ ጊዜ በሚስማር መታሁት፤ አልወረደም፣ ግን አላቀዘቀዘም።

ምክንያቱን ያገኘሁት ዘግይቼ ነው። ፎይል የሚጠቅመው ጨረርን ስለሚመልስና የራሱንም ሙቀት በጨረር ብዙ ስለማይለቅ ነው። ለዚህ ደግሞ ፊቱ አየር ያስፈልገዋል። ከጋለው ብረት ጋር ከተጣበቀ ሙቀቱ በንክኪ ያልፋል፣ ማብረቅረቁ ምንም አይፈይድም። በመካከል ቢያንስ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ክፍተት መኖር አለበት። ማሸጊያው ላይ ይህን የሚል አንድም ቃል አልነበረም። የሸጠልኝም ሰው አላነሳውም።

ሁሉንም ነቀልኩ። በሞራሌ አዲስ ማዕቀፍ ሠራሁ፣ ከቆርቆሮው አንድ ክንድ ዝቅ ብሎ። ፎይሉን ወደ ላይ፣ ወደ ክፍተቱ አዙሬ ዘረጋሁ። ከሥሩ 5 ሴንቲሜትር ነጭ ፎም፣ ከፎሙ ሥር ጂፕሰም ቦርድ። በሁለቱ የጣሪያ ጫፎች ቀዳዳ ከፍቼ በወንፊት ሽቦ ሸፈንኩ፤ ከኮርኒሱ በላይ የታመቀው ሙቀት በዚያ ይወጣል። የኮርኒሱን ሆድ ስለካው 33 ነበር። ከ61 ወደ 33! መሰላሉ ላይ ሆኜ ጮህኩ።

ከዚያ በኋላ ማሽን መምረጥ ቀላል ሆነ። 12,000 ቢቲዩ ኢንቨርተር ስፕሊት በቃኝ። ኢንቨርተርን አጥብቄ እመክራለሁ። ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ኮምፕሬሰሩ ፍጥነቱን ይቀንሳል እንጂ በየጊዜው እየጠፋ እየተነሳ መስመሩን አያናውጥም። የኤሌክትሮኒክስ ካርዱን ግን የመብራት መዋዠቅ ይጎዳዋል። ስለዚህ መዋዠቁን የሚያስተካክል ስታቢላይዘር ግዴታ ነው፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ አቆይቶ የሚለቅ ዓይነት ይሁን። የራሱ ብሬከርና የራሱ መስመር ስጡት። እኔ ተንቀሳቃሹን በዲቫይደር ነበር የምሠራው። አንድ ቀን ሶኬቱ ቀልጦ አገኘሁት። ማታ ቢሆን ምን ይፈጠር እንደነበር ማሰብ አልፈልግም።

የሚተክልላችሁን ባለሙያ ቆማችሁ ተከታተሉ። ቱቦው ውስጥ ያለውን አየርና እርጥበት በቫኪዩም ፓምፕ ሳያወጣ ጋዝ ልልቀቅ ካለ አስቁሙት። የውጭውን ክፍል የከሰዓት ፀሐይ በማያገኘው በምሥራቅ ግድግዳ አስተክሉ። ዲግሪውን 16 ላይ ማድረግ ቶሎ አያቀዘቅዝም። እኔ 26 ላይ ነው የምተወው።

ኤሲ አለ ብላችሁ በሩን ዘግታችሁ ሞተር አታስነሱ። ስፕሊት ያንኑ አየር ያዞራል እንጂ የጭስ ጋዝ አያወጣም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። ቀለም ስረጭም ኤሲውን አጥፍቼ በሩን ከፍቼ ነው። የስቱኮ ብናኝ ማጣሪያውን ቶሎ ስለሚደፍነው በየሳምንቱ አጥበዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ሁለት ሳምንት ዘልዬ አውቃለሁ፤ ንፋሱ ሲደክም ነው ያስታወስኩት።

አንድ ያላለቀ ነገር አለ። ከብየዳ ጥጉ በላይ ጂፕሰም ቦርድ አጥሮኝ ፎሙ እስካሁን ባዶውን ነው። ነጭ ፎም በፍንጣሪ ይያያዛል። ቦርዱ ከወልዲያ እስኪመጣልኝ ብየዳ አቁሜያለሁ፣ የቮልሷ ወለልም እየጠበቀኝ ነው። ሌላው የምዕራቡ ግድግዳ ነው፤ ከ10 ሰዓት በኋላ ብሎኬቱ ይግላል። ከሚሴና ባቲ ያላችሁ፣ ግድግዳን በሸራም ሆነ በሐረግ ከከሰዓት ፀሐይ የከለላችሁ ካላችሁ፣ በምን እንደሠራችሁትና ስንት ዲግሪ እንደቀነሰ ጻፉልኝ።