ግማሽ ማህተም

ዛሬ ግማሽ ቀኔን የበላው አንድ ማህተም ነው። ቤቴ ቁጭ ብዬ ልብስ ልስፋ ብዬ ነው እንጂ ሌላ ወንጀል የለብኝም። ለስፌት ፈቃዱ የሚያስፈልጉት ሦስቱ ፊርማዎች ተገኙ። መጨረሻ ላይ ጸሐፊዋ ማህተሙን አፏ አጠገብ አድርጋ እፍ እፍ አለችበት፤ ቀለሙ ደርቋል። ወረቀቱ ላይ ያረፈው ግማሽ ክብ ብቻ ሆነ። "ይሄ አይነበብም፣ ነገ ይምጡ" ተባልኩ።

ስወጣ አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ምሁር ሚልተን ፍሪድማን ትዝ አለኝ። ሰውየው የሙያ ፈቃድን አጥብቆ ይቃወም ነበር፤ የሐኪሞችን ሳይቀር። ፈቃድ ደንበኛን ይጠብቃል ቢባልም፣ ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው ቀድመው የገቡትን ነው ባይ ነው። አዲሱ ሰው በር ላይ ሲቀር የውስጦቹ ዋጋ ይጨምራሉ። በስፌት ጉዳይ መቶ በመቶ እስማማለሁ። ቀሚሱን ካበላሸሁ ደንበኛዋ ትቆጣለች፣ ሁለተኛ አትመጣም፤ በቃ። ሐኪም ላይ ስደርስ ግን፣ እውነት ለመናገር፣ ልቤ አልደፈረም። ራሴን ስቼ በወደቅኩበት ሰዓት የማን ቢላ እንደሚሻል ላማርጥ ነው እንዴ?

ሊበርታሪያን ነኝ፣ ማለትም መንግሥት በሰው ኑሮና ሥራ እጁን አያብዛ ባይ ነኝ፣ ስል ጓደኞቼ "መንግሥት አይኑር ነው የምትለው" ይሉኛል። እንደዚያ የሚሉም አሉ፤ እኔ ግን አይደለሁም። የሊበርታሪያኖቹ ፈላስፋ ሮበርት ኖዚክ እንኳ ከጉልበት፣ ከስርቆትና ከማጭበርበር የሚጠብቅ፣ ውልም የሚያስከብር ትንሽ መንግሥት ተቀብሏል። የእኔ ጥያቄ ከዚያ ወዲያ ስላለው ነው። መንግሥትን ወደ መርፌዬ ማን ጠራው?

ለማንኛውም ነገ ጠዋት እመለሳለሁ። የማህተም ቀለም ይዤ ልሂድ፣ ወይስ እንደ ጉቦ ይቆጠርብኛል?