ገና በጅማ፣ ባሮን ሳናይ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ።

ይህን መልእክት ባሮ ወንዝ ዳር ሆኜ እንደምጽፍላችሁ ቃል ገብቼ ነበር። ብዙዎቻችሁም «ጋምቤላ ገባችሁ ወይ?» እያላችሁ ስትጠይቁን ከርማችኋል። አልገባንም። እኔና ባለቤቴ ከኅዳር 14 ጀምሮ ጅማ ነን።

ነገሩ የጀመረው ግቤ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ሲመጣ መንገዱ ወደ ግቤ ሸለቆ ቁልቁል ይወርዳል፤ ድልድዩን እንደተሻገረ ደግሞ ሽቅብ ነው። አሮጌዋ ላንድክሩዘራችን ዳገቱን ስትይዝ የሙቀቱ መርፌ ወደ ቀዩ ተጠጋ። ቆምን። እስክትበርድ ጠበቅን፣ ውሃ ጨመርን፣ ቀጠልን። ያኔ መቀጠል አልነበረብንም። ሰርቦ ስንደርስ ከኋላ ነጭ ጭስ ትለቅ ጀመር። ጅማ የገባነው ተጎትተን ነው።

መካኒኩ የዘይቱን ክዳን ከፍቶ አሳየን። ዘይቱ ቡና በወተት መስሏል። ውሃ ገብቶበታል። በሞተሩ ራስ ሥር ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ ብቻ ይሆናል ብለን ተጽናንተን ነበር፤ ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ ራስ፣ ሲወርድ ግን ተሰንጥቆ ተገኘ። ውሃ የተቀላቀለ ዘይት ብረትን ከብረት አይጠብቅምና የታችኛውም ክፍል ተበልቷል። «ጠጋግኜ ላስነሳት እችላለሁ፤ ዳገት ላይ ግን አላምናትም» አለን። ይህን ቃሉን መቼም አልረሳለትም። ዝም ብሎ ጠግኖ ሊሸኘን ይችል ነበር።

ባለቤቴ አዲስ አበባ፣ መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወርዶ 4 ቀን ዞረ። በመጨረሻ 4.2 ሊትር፣ ባለ 6 ፒስቶን ያገለገለ የናፍጣ ሞተር ተገኘና በአይሱዙ ተጭኖ መጣ። አለቀ ስንል የሊብሬው፣ የመኪናዋ ባለቤትነት ደብተር፣ ጣጣ መጣ። የሞተሩ ቁጥር እዚያ ላይ ተጽፏል፤ ሞተር ሲቀየር እሱም መስተካከል አለበት። የጉምሩክ ወረቀት፣ ምርመራ፣ ማመልከቻ፣ ነገ ኑ። ቀኑ እንዲህ ሄደ።

ጅማ በገባን ማግስት ጾመ ነቢያት ገባ። ስለዚህ ጥበቃችንና ጾማችን አብረው ነው የሄዱት። የተከራየንበት ግቢ ባለቤት ሙስሊም እናት ናቸው፤ እማማ ነው የምላቸው። ጾም ላይ መሆናችንን ካወቁ ወዲህ ወተት የነካው ነገር ወደኛ ልከው አያውቁም። አቮካዶ ግን በየቀኑ ይመጣል። የጅማን አቮካዶ የበላ ያውቀዋል። ቡና ሲፈላም ሳይጠሩን አይቀሩም።

አንድ ማታ ከቢሮ ባዶ እጃችንን ተመልሰን ከፍቶኝ ሳለቅስ አገኙኝ። አጠገቤ ቁጭ አሉና «ልጄ፣ እኛ ቤት ምን ጎደለብሽ?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። ምንም አልጎደለብኝም ነበር። ከዚያ ማታ በኋላ ለሚደውልልኝ ሰው «ጅማ ተቀርቅረን» ማለት አቆምኩ። «ጅማ ነን» እላለሁ።

ጅሬን ወጥተን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አየን፤ ያንን የእንጨት ሰገነት ቆሜ ሳየው ብዙ ቆየሁ። ሂርማታ ገበያ የሐሙስ ደንበኛ ሆንን። ከዚያው ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ገዛሁ። ጋራዡ ደጃፍ ላይ የምቀመጠው በሷ ነው።

እዚያ ተቀምጬ ስለ ባሮ አስብ ነበር። በ1894 ዓ.ም. በተፈረመ ውል እንግሊዞች በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲኖራቸው ተፈቀደ። ያኔ ከካርቱም የእንፋሎት መርከብ እስከ ጋምቤላ ይመጣ፣ የምዕራቡን ቡና ጭኖ ይመለስ ነበር። ግን ክረምት ላይ፣ ወንዙ ሲሞላ ብቻ። በጋ ሲሆን ባሮ ይጎድላል፤ መርከብ አይገባም ነበር። ቡናቸውን አከማችተው ውሃ የሚጠብቁት ነጋዴዎች እነዚያን ወራት እንዴት ያሳልፏቸው ነበር? ማን ቡና አፈላላቸው? ወንዙን ለማየት የነበረኝ ጉጉት በዚህ ምክንያት ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

ሞተሩ የገባው ታኅሣሥ 20 ነው። በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ቀስ እያለ ሲወርድ የጋራዡ ልጆች በሙሉ ሥራቸውን ትተው ያግዙ ነበር። ሲነሳ ባለቤቴ እጄን ጨብጦ ዝም አለ። በማግስቱ መካኒኩን ይዘን ለሙከራ አጋሮ ደርሰን ተመለስን። በየመንገዱ ዳር ቡና በአልጋ ላይ ተሰጥቷል፤ አንዱ ጋ ገና እሸቱ ቀይ ነው፣ ሌላው ጋ ደርቆ ጀንፈል ሆኗል። ሴቶቹ በእጃቸው ያገላብጡታል። መስኮቱን ከፍተን ያንን ሽታ እየሳብን ነዳን። መርፌው ከመሃል ንቅንቅ አላለም።

ከእናንተም መሃል ዘንድሮ ግማሽ መንገድ ላይ የቆማችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ቪዛ የምትጠብቁ፣ ውጤት የምትጠብቁ፣ ሕመምተኛ እያስታመማችሁ ዓመቱ ያለፈባችሁ ጽፋችሁልኛል። ሁላችሁንም በስም እያነሳሁ በጸሎት አስቤያችኋለሁ። ያላችሁበት ቦታ ላይ ደህና ሰው ይስጣችሁ።

ከበዓሉ በኋላ በአጋሮ፣ በበደሌ፣ በመቱና በጎሬ አድርገን ወደ ጋምቤላ እንወርዳለን። ቀኑን አልነግራችሁም፤ ስንደርስ ፎቶውን ታያላችሁ።

ገና ግን እዚሁ ነው። ዶሮ እሠራለሁ። እማማ ከዶሮው አይቀምሱም፤ ቡናውን ግን እኛ ቤት እንዲያፈሉልን ለምኛቸው እሺ ብለውኛል። ጀበናቸውን ይዘው ይመጣሉ። በርጩማዋን ለሳቸው አስቀምጫለሁ።

መልካም በዓል!