ድልድዩን አለፍሽ?

ዲሲ አካባቢ የምንኖር ሰዎች «ስንት ማይል ነው?» ተባብለን አንጠያየቅም። የምንጠያየቀው «በስንት ሰዓት ትወጫለሽ?» ብለን ነው። እኔ ቨርጂኒያ ዉድብሪጅ ነኝ፣ አክስቴ ሜሪላንድ ጀርመንታውን። መንገዱ 45 ማይል ገደማ ነው። እሑድ በማለዳ ከተነሣሁ አንድ ሰዓት ሳይሞላ እደርሳለሁ። ዓርብ ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ ግን ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል።

ነገሩን የሚያከብደው ቨርጂኒያንና ሜሪላንድን የሚለየው የፖቶማክ ወንዝ ነው። ከተማውን የሚዞረው ቤልትዌይ የሚባለው አውራ ጎዳና 64 ማይል ሆኖ ሳለ ወንዙን የሚሻገረው በሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ በአሌክሳንድሪያ በኩል በውድሮው ዊልሰን፣ በሰሜን ምዕራብ በኩል በአሜሪካን ሊጅን ድልድይ። ከዚያ በላይ ፑልስቪል አጠገብ መኪና የምታሻግር ጀልባ ነበረች፤ እሷም በ2020 መጨረሻ ቆመች። አሁን ከአሜሪካን ሊጅን ወደ ላይ እስከ ፖይንት ኦፍ ሮክስ ድልድይ ድረስ ሌላ መሻገሪያ የለም። ስለዚህ ቨርጂኒያ ሲሠራ ውሎ ሜሪላንድ ሮክቪል፣ ጌይተርስበርግና ጀርመንታውን የሚገባው ሁሉ አሜሪካን ሊጅን ላይ ይጎርፋል። ቨርጂኒያ ውስጥ የሚከፈልበት ፈጣን መስመር አለ፤ ኢዚፓስ ፍሌክስ የሚባለው የመንገድ ክፍያ መሣሪያ ኖሮት ሦስት ሰው ለያዘ መኪና ነፃ ነው። ግን ድልድዩ ጋ ሳይደርስ ያልቃል። የከፈለውም ያልከፈለውም እዚያ ይገናኛል። ከተሻገሩ በኋላ ደግሞ ወደ ጀርመንታውን የሚወስደው አውራ ጎዳና፣ 270፣ አለ።

እኔን የሚያሳዝነኝ የለቅሶው ነገር ነው። አገር ቤት ሞት ሲሰማ ነጠላ አዘቅዝቆ ብድግ ማለት ነው። እዚህ በሥራ ቀን ለቅሶ የሚደረሰው ማታ ነው፤ መንገዱም የሚጨናነቀው ያኔ ነው። አንዷ ከሥራ ወጥታ፣ ልጆቿን ከትምህርት ቤት ወስዳ፣ የሠራችውን ወጥ ጭና ድልድዩን ትሻገራለች። ሐዘንተኛዋ አጠገብ ትንሽ ተቀምጣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብላ ትነሣለች፤ ነገ ሥራ አለባት። «ምነው፣ ቁጭ እንኳን ሳትል!» የሚል ሰው ስሰማ ውስጤ ይቃጠላል። ያቺ ሴት ማታዋን በሙሉ ነው የሰጠችው።

አክስቴ ይህን ታውቃለች። ስደውልላት «የኔ ልጅ፣ ድልድዩን አለፍሽ?» ትለኛለች፤ ካላለፍኩ ቡናውን አትቆላም። አያቴ አገር ቤት ያረፉ ጊዜም ለደወለላት የቨርጂኒያ ሰው ሁሉ «በሥራ ቀን እንዳትለፉ፣ በስልክ አጽናኑኝ፤ ቅዳሜ በቀን ኑልኝ» አለች። ታላላቆቹ መጀመሪያ ቅር አላቸው፤ ሐዘን ቀጠሮ ይያዝለታል ወይ አሉ። ቅዳሜ ግን ከቨርጂኒያም ከዲሲም የመጣ ሰው ቤቱን ሞልቶት፣ ወንበር ከጎረቤት ተለመነ። የመጣውም ሰው ሳይቸኩል እስኪመሽ ድረስ አብሯት ዋለ።

እና እባካችሁ፣ የለቅሶ አድራሻ በቴሌግራም ስትልኩ ከወንዙ ማዶ ላለነው የሚመች ቀንና ሰዓት ጨምራችሁ ጻፉልን።