አባጋር የሌለው ክርክር

ዛሬ ደሴ ፒያሳ ቡና ልጠጣ ጎራ ብዬ ሲኤንኤን ላይ የፖለቲካ ክርክር ተከፍቶ አገኘሁ። ስክሪኑ ተሸንሽኖ በየሳጥኑ አንድ ሰው ይጮሃል። አወያይዋ እጇን ብታወናጭፍ ማን ሰምቷት! ጎኔ የተቀመጡ አባት "ወላሂ፣ እነዚህ ሰዎች አባጋር የላቸውም እንዴ?" ሲሉ ቤቱ በሳቅ ሞላ። እውነታቸውን ነው። የወሎ አስታራቂ ሽማግሌ በሆነው አባጋር ፊት ማን እኩል ያወራል?

ጣቢያው ግን ጭቅጭቁን የሚጠላው አይመስለኝም። ግራና ቀኙን የሚያፋጥጠውን "ክሮስፋየር" በ1982 እ.ኤ.አ. የጀመረው እሱ ነው። በ2004 ኮሜዲያኑ ጆን ስቱዋርት እንግዳ ሆኖ ገባና አሜሪካን እየጎዳችኋት ነው ብሎ አቅራቢዎቹን አፋጠጣቸው። በወራት ውስጥ ፕሮግራሙ ታጠፈ። በ2013 መልሰው ጀመሩት፤ አልሰነበተም። ጭቅጭቁ ግን ስሙን ቀይሮ ይኸው አለ። ምን ይደረግ፣ ዘጋቢ መላክ ወጪ አለው፤ ለተከራካሪ ወንበርና ማይክ ይበቃዋል።