ከጣርማ በር ቁልቁል፦ ፍጥነት፣ አክስለሬሽን እና ብርሃን

ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና አንድ የተጫነ ሲኖትራክ እየወረደ ነው እንበል። የፍጥነት መቁጠሪያው በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ላይ ነው፤ ንቅንቅ አላለም። አክስለሬሽኑ ስንት ነው? አብዛኛው ተማሪ «ዜሮ» ብሎ ያልፋል። መንገዱ ቀጥ ባለበት ልክ ነው። ኩርባ ላይ ግን ጥያቄውን ስቶታል።

ቬሎሲቲ መጠንም አቅጣጫም አለው፤ አክስለሬሽን ደግሞ ቬሎሲቲ በየሴኮንዱ የሚቀየርበት መጠን ነው። አቅጣጫው ከተቀየረ መቁጠሪያው ባይነቃነቅም አክስለሬሽን አለ። መጠኑን ለማግኘት ፍጥነቱን በራሱ አባዝቶ ለኩርባው ራዲየስ ማካፈል ነው። በመጀመሪያ ግን 36ን ለ3.6 አካፍሉ፤ 10 ሜትር በሴኮንድ ይሆናል። ይህችን የዘለለ ተማሪ የቀረው ስሌት ሁሉ ይበላሽበታል። የኩርባው ራዲየስ 30 ሜትር ከሆነ 100 ሲካፈል ለ30፣ ወደ 3.3 ሜትር በሴኮንድ ስኩዌር ይመጣል፤ አቅጣጫውም ወደ ኩርባው መሃል ነው። ሹፌሩ 54 ላይ ሆኖ ቢገባስ? ፍጥነቱ በግማሽ ብቻ ጨመረ፤ አክስለሬሽኑ ግን 7.5 ደረሰ። ጭነቱ ከፍ ብሎ የተቆለለ ከባድ መኪና ደግሞ 4 አካባቢ ሲደርስ መገልበጥ ሊጀምር ይችላል፤ ጎማው እስኪንሸራተት እንኳ አይጠብቅም። «ጭነቱ ወደ ውጭ ተገፋ» ሲባል እንሰማለን። የገፋው ነገር የለም። ጭነቱ በነበረበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ሊሄድ ሲል ጎማው መኪናውን ከሥሩ ወደ ውስጥ ሳበው።

የፍሬን ነገር ላይም ያው የማባዛት ጉዳይ አለ። በደህና ደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬኑ ፍጥነቱን በ5 ሜትር በሴኮንድ ስኩዌር ያህል ቢቀንስ፣ በ36 የሚሄደው በ10 ሜትር ይቆማል፤ በ72 የሚሄደው 40 ሜትር ይፈልጋል። ሹፌሩ ነገሩን አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ የሚያልፈውን 1 ሴኮንድ ስትጨምሩበት 20 እና 60 ሜትር ይሆናል። ይህ ለሜዳ ነው። መቶ ሜትር ሲኬድ 8 ሜትር የሚወርድ ቁልቁለት ከፍሬኑ ላይ 0.8 ያህል ስለሚነጥቅ 40ው ወደ 48 ይጠጋል።

አሁን ወደ ቀጥተኛው ቁልቁለት እንመለስ፤ አክስለሬሽኑ በእውነት ዜሮ ወደሆነበት። ዜሮ ነው ማለት ምንም እየሆነ አይደለም ማለት አይደለም። ጠቅላላ ክብደቱ 30 ቶን የሆነ መኪና በዚያው ቁልቁለት በ10 ሜትር በሴኮንድ ሲወርድ የመሬት ስበት በየሴኮንዱ 235 ኪሎጁል ገደማ ይሰጠዋል። ፍጥነቱ ካልጨመረ ያ ሁሉ ኃይል የሆነ ቦታ መውጣት አለበት። ሹፌሩ በከባድ ማርሽ ከወረደ ብዙውን ሞተሩ ይይዘዋል። ማርሽ አውጥቶ ከወረደ ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም የፍሬን ሸራና ታምቡር ላይ ይወድቃል፤ ወደ 235 ኪሎዋት የሚጠጋ ሙቀት ማለት ነው። ሸራው ሲግል መያዙን ይተዋል፤ ፔዳሉ እስከ ታች ቢረገጥም። «ፍሬን እምቢ አለ» ከሚባሉት አደጋዎች ስንቶቹ እዚህ ላይ እንደሚጀምሩ መገመት አያቅትም።

በነገራችን ላይ፣ የፈተና ጥያቄ የሚያወጡ መምህራን የተጫነ መኪና ከቆመበት ተነስቶ በ3 ሜትር በሴኮንድ ስኩዌር እንዲፈጥን ባያደርጉ ጥሩ ነው። እንዲህ የሚነሳ የተጫነ ሲኖትራክ አይገኝም። ሌላዋ የፈተና ወጥመድ አማካይ ፍጥነት ናት፦ ዳገቱን በ20 ወጥቶ ያንኑ መንገድ በ60 የወረደ መኪና አማካይ ፍጥነቱ 40 ሳይሆን 30 ነው፤ በዝግታው ላይ ብዙ ጊዜ አጥፍቷልና። ወደተነሳበት ቦታ ስለተመለሰ ደግሞ አማካይ ቬሎሲቲው ዜሮ ነው።

እስካሁን ፍጥነቶችን መደመር ይቻል ነበር። በ10 ሜትር በሴኮንድ በሚሄድ መኪና ላይ ሆኖ ድንጋይ በ5 ወደ ፊት የወረወረ ሰው፣ ድንጋዩ መንገድ ዳር ለቆመው በ15 ይሄድበታል። የፊት መብራት ግን እንዲህ አይደመርም። በጣርማ በር ዋሻ ውስጥ መብራቱን ያበራ መኪና ቢቆምም ቢሮጥም፣ በባዶ ቦታ ብርሃን በሴኮንድ የሚጓዘው 299,792,458 ሜትር ነው፤ አየር ውስጥ ከዚህ በጥቂቱ ብቻ ያንሳል። ቁጥሩ ድፍን የሆነው ከ1983 ጀምሮ ሜትር ራሱ የሚለካው በዚህ ስለሆነ ነው። 600 ሜትር ዋሻ ለብርሃን 2 ማይክሮ ሴኮንድ ነው፤ በ36 ለሚሄደው መኪና 1 ደቂቃ።

ታዲያ አክስለሬሽን ሳይቋረጥ ቢቀጥል ብርሃንን አይደርስበትም? ተሳፋሪዎቹ ሁልጊዜ 9.8 ሜትር በሴኮንድ ስኩዌር የሚሰማቸው መንኮራኩር አለ እንበል። አክስለሬሽንን በጊዜ ማባዛት ብቻ ቢበቃ ኖሮ በ354 ቀን ገደማ የብርሃንን ፍጥነት ይይዝ ነበር። በአንስታይን ስሌት ግን ያን ቀን የሚደርሰው 71 በመቶው ላይ ነው። በእጥፉ ቀን 89፣ በሦስት እጥፉ 95 በመቶ፤ ጭማሪው እያነሰ ይሄዳል እንጂ መቶ አይሞላም። እነዚህ ቀኖች የተቆጠሩት መሬት ላይ በቀረው ሰዓት ነው። የመጀመሪያዎቹ 354 ቀኖች በተሳፋሪዎቹ ሰዓት 312 ቀን ገደማ ብቻ ናቸው።